ከፎቅ ላይ ሆኜ የብየዳ ማሽኑን አምፔር የምቀይርበት ሪሞት ልሠራ ነው፤ ምን ትላላችሁ?

ፎቅ_ላይ፦
ሰላም የሙያ ባልደረቦች። ሥራዬ የደረጃ መደገፊያና የጣሪያ ብረት ነው። ማሽኔ ባለ 200 አምፔር የቻይና ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የብየዳ ማሽን) ነው። መብራት ያለው ታች ስለሆነ ማሽኑ ሁሌም ታች ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ። መሃላችን 30 ሜትር ኬብል አለ።

ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ስስ ብረት) ላይ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ በ75 አምፔር እሠራለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ ወፍራም ፕሌት በ3.2 ልበይድ ስል 115 ገደማ ያስፈልገኛል። በ75 ከነካሁት ይለጠፋል። ረስቼ በ115 ቱቦላሬውን ከነካሁት ደግሞ ይበሳዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ "ጨምር! ቀንስ! ኧረ በዛ!" ስል ነው የምውለው። ረዳቴን ፎርማኑ ለሌላ ሥራ ከጠራው ራሴ ወርጄ መውጣት ነው።

ማሽኑን ከፍቼ አየሁት። ከማዞሪያው ጀርባ ሦስት እግር ያላት ፖቴንሽሜትር (ሲያዞሯት መጠኗ የሚቀየር ሬዚስተር) አለች፤ 10 ኪሎ ኦም ናት። ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ካርዱ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ይሄዳሉ። ሐሳቤ እሷን አውጥቼ ኤክስ9ሲ103 የሚባለውን ዲጂታል ፖቴንሽሜትር በቦታዋ ማስገባት ነው። አርዱዊኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ያዘዋል። እኔ ጋ ደግሞ ሁለት ቁልፍ ያላት ትንሽ ሳጥን ትኖራለች፣ አንዱ መጨመሪያ አንዱ መቀነሻ። ግንኙነቱ በኤንአርኤፍ24 ሬዲዮ። የሞከረ ካለ ምክር እፈልጋለሁ።

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሶልደር ከማሞቅህ በፊት ቴስተር አንሳ።

መጀመሪያ የደህንነቱን ነገር ልጨርስ። ኢንቨርተር ውስጥ የገባው 220 ቮልት ተስተካክሎ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሆናል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይህን ይዘው ይቀመጣሉ። ሶኬቱን ነቅለህም ጭምር! ነቅለህ ጠብቅ፣ ከዚያ ካፓሲተሮቹ ላይ ለካ። ካልወረደ በአምፖል ወይም በወፍራም ሬዚስተር አራግፈው። በካቻቢቴ አጋጭቶ ማራገፍ የሚወዱ ሰዎች አሉ። አንተ እንዳታደርገው።

አሁን ወደ ፖቴንሽሜትሯ። ሁለቱ የጎን እግሮች አንዱ የካርዱ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ላይ፣ አንዱ ካርዱ በሚሰጠው ቋሚ ቮልቴጅ ላይ ናቸው። የመሃሉ እግር በሁለቱ መካከል የሆነ ቮልት ይዞ ይመለሳል። ካርዱ የሚያየው ያንን ቮልት ብቻ ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል አምፔሩ ከፍ ይላል። ሪሞት ማለት እንግዲህ ያንን የመሃል ቮልት ከሩቅ መስጠት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሁለት ነገር ለክተህ ንገረን። አንደኛ፣ በጎን እግሮቹ መካከል ስንት ቮልት አለ? ኤክስ9ሲ103 ከ5 ቮልት በላይ አይችልም። አንዳንድ ማሽን እዚያ ቦታ 10 ወይም 15 ቮልት ያወጣል፤ ያኔ ቺፗ ወዲያው ትሞታለች። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የፖቴንሽሜትሯ ግራውንድ ከብየዳው መውጫዎች ከአንዱ ጋር ይገናኛል ወይ? ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርገህ ሞክር። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ ለክተህ ስትመጣ እነግርሃለሁ።

ጋሽ_ብየዳ፦
ልጄ፣ እኔ ሪሞት አያስፈልግም አልልም። ግን ብዙ ጊዜ አምፔር ጎደለ ተብሎ የሚጮኸው ኬብሉ ቀጥኖ ነው። 30 ሜትር ሄዶ 30 ሜትር ሲመለስ 60 ሜትር መዳብ ነው። ባለ 16 ካሬ ሚሊ ከሆነ በ120 አምፔር ወደ 8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 35 ቢሆን 3.6 ቮልት ብቻ ነበር። ሥራ ላይ እያለህ ኬብሉን በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀ መልሱን አገኘህ። ገበያ ላይ ደግሞ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል። ጫፉን በፋይል ፋቅ አድርገህ እየው፣ ነጭ ከወጣ ያው ነው።

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
ጋሼ፣ ያሉት ለትራንስፎርመር ማሽን ልክ ነው። ኢንቨርተር ግን አምፔሩን ራሱ እየለካ ይጠብቃል። ኬብሉ 8 ቮልት ቢበላበት ቮልቱን ከፍ አድርጎ ያንኑ 120 አምፔር ያወጣል። የሚጎዳው ከመብራቱ በኩል ነው። በባለ 16 ኬብል 120 አምፔር ሲያልፍ ወደ 950 ዋት ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ያን ትርፍ የሚሸከመው የግቢው መስመር ነው።

ሕንፃ ላይ ደግሞ ማሽኑ የሚሰካው ረጅም ኤክስቴንሽን ላይ ነው። 50 ሜትር ባለ 2.5 ኤክስቴንሽን መላ መላሹ 0.7 ኦም ነው። ማሽኑ 25 አምፔር ሲስብ 17.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። መነሻው ራሱ 195 ከሆነ ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 180 አይሞላም። ያኔ ማዞሪያውን እስከ ጥግ ብታዞረውም አርኩ ይዳከማል። ሪሞትም አያድነውም።

ጋሽ_ብየዳ፦
እሺ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ አርኩ እየነደደ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ይለካ።

ፎቅ_ላይ፦
ሁሉንም ለካሁ። ሶኬቱ ላይ ሥራ ሳይጀመር 216፣ በ115 አምፔር እየበየድኩ 201። ኬብሉ ባለ 25 ነው፤ ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም። ጋሼ፣ ጫፉንም ፋቅኩት፣ መዳብ ነው።

ፖቴንሽሜትሯ ላይ በጎን እግሮቹ መካከል 9.8 ቮልት አለ። ግራውንዷ ደግሞ ከኔጌቲቭ መውጫው ጋር ቀጥታ ይጮኻል።

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
እንግዲህ ኤክስ9ሲ103 ቀረች።

ግራውንዱ ከኔጌቲቭ መውጫ ጋር መገናኘቱን አቅልለህ እንዳታየው። አንተ ኔጌቲቩን ብረቱ ላይ ቆንጥጠህ በፖዘቲቩ ነው የምትበይደው እንበል። ሦስቱን የፖቴንሽሜትር ሽቦዎች በኬብል አራዝመህ ፎቅ ላይ ወሰድካቸው። አንድ ቀን የሪሞቱ ኬብል ስለታም ጠርዝ ላይ ተፋቀና የግራውንድ ሽቦው ከብረቱ ጋር ተነካካ። በዚያው ቀን የመቆንጠጫው ጥርስ ዝጎ በደንብ አልያዘም። አሁን 115 አምፔር ወደ ማሽኑ መመለሻ ይፈልጋል። ያገኘው ያቺን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ነው። ሽቦው ይነዳል፤ ካርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመርም አብሮ ይላጣል። ጥገና ቤቴ በዚህ መንገድ የተቃጠለ ካርድ ሲመጣ መስመሩ ተገልብጦ እንደ ቆዳ ተልጦ አየዋለሁ። ባለቤቱ ሁልጊዜ "ዝም ብሎ ነው የጠፋው" ይላል።

ስለዚህ በሽቦም ይሁን በሬዲዮ፣ ሪሞቱና ካርዱ በኤሌክትሪክ መነካካት የለባቸውም። ኤሌክትሮኒክሱን ከወደድክ መንገዱ ይሄ ነው፦ አርዱዊኖው ፒደብሊውኤም (በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ምልክት) ያወጣል፣ በፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን በሚያሻግር ቺፕ) ይሻገራል፣ ከወዲያ በሬዚስተርና በካፓሲተር ተለስልሶ ከ0 እስከ 9.8 ቮልት ይሆናል። ከኦፕቶው ወዲያ ያለው ኃይሉን ከካርዱ ይወስዳል። አርዱዊኖው የራሱ ባትሪ ይኖረዋል።

ሀዋሳ_ሜካትሮ፦
ለምን ትደክማላችሁ? ማሽኑን ሳትከፍተው ማዞሪያውን በሞተር አዙረው።

አንድ ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ማዕዘን ላይ የሚቆም ትንሽ ሞተር) ፊት ለፊቱ ላይ በቅንፍ ታስራለህ፣ ዘንጉን ከማዞሪያው ዘንግ ጋር ታያይዛለህ፣ በቃ። ሽቦ አልተቆረጠም፣ ግራውንድ አልተነካካም፣ ዋስትናውም አልተበላሸም። ሰርቮው ከማሽኑ ጋር የሚገናኘው በፕላስቲክ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ መለያ ከየት ይመጣል?

ሁለት ነገር ግን እወቅ። ሰርቮው የሚዞረው 180 ዲግሪ ነው፣ ፖቴንሽሜትሯ ደግሞ 270 ገደማ። ከጥግ እስከ ጥግ ከፈለግክ መሃል ላይ የማርሽ ጥርስ ማስገባት አለብህ። አንተ ግን የምትፈልገው ከ60 እስከ 130 አምፔር ነው፤ ለእሱ 180 ይበቃል። ኤስጂ90 የምትባለዋን ሰማያዊ ሰርቮ አትግዛ፣ ጥርሷ ፕላስቲክ ነው፣ ጥግ ላይ ስትገፋ ይበላል። ኤምጂ90ኤስ ውሰድ፣ መጠኗ ያው ነው፣ ጥርሷ ብረት ነው።

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
ሞተር የሚሰበር ነገር ነው። አቧራ አለ፣ የግራይንደር ብናኝ አለ። ኦፕቶካፕለር አቧራ አያውቅም።

ሀዋሳ_ሜካትሮ፦
ሰርቮ ቢሰበር ነቅሎ ማዞሪያውን በእጅ ማዞር ነው። ያንተ ሰርኪት ቢሰበር ልጁ ሥራ ፈትቶ አንተ ጋ ናዝሬት ይመጣል። 😄

ሂውስተን_ቧንቧ፦
ከአሜሪካ ነኝ፣ የቧንቧ ብየዳ ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ትልልቆቹ ማሽኖች ሪሞት የሚሰካበት ሶኬት ተገጥሞላቸው ነው የሚወጡት። ሚለር ባለ 14 ፒን ሶኬት አለው። ውስጡ ያለው ግን እዚህ ከተወራው አይለይም። ፒን ሲ 10 ቮልት ይሰጣል፣ ፒን ዲ ግራውንድ ነው፣ ፒን ኢ ላይ ከ0 እስከ 10 ቮልት ትመልስለታለህ። ፖቴንሽሜትር በረጅም ኬብል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሜዳ ላይ የሚሠሩት የቧንቧ መስመር በያጆች ደግሞ የሊንከን ኤስኤ200 ባለ ሞተሩን ማሽን መኪና ላይ ጭነው፣ ሪዮስታቱን (አምፔር ማስተካከያውን) በሳጥን አድርገው ቧንቧው ሥር ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ይሄ የቆየ ልማድ ነው።

አሁን አሁን በብየዳው ኬብል ላይ ራሱ መልእክት የሚልኩም መጥተዋል፣ ሚለር አርክሪች ይለዋል። ተጨማሪ ሽቦ የለም፣ ሬዲዮም የለም። ግን ማሽኑም አብሮት ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቻይናው ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

ስለ ሬዲዮው ግን አንድ ነገር። ኤንአርኤፍ24 በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው። ሁለት ወለል ኮንክሪት፣ ያውም ፌሮ የሞላበት፣ ቀላል አይደለም። 433 ሜጋኸርዝ የተሻለ ያልፋል። ሎራ የሚባሉት፣ በኤስኤክስ1278 ቺፕ የሚሠሩት ሬዲዮዎች በ433 ስለሚገኙ እነሱን ብትሞክር ይሻልሃል። አንተ የምትልከው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ፍጥነት አያስፈልግህም።

ቲግ_ብቻ፦
አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ክር አንብቦ ለቲግ (በተንግስተን ዘንግና በጋዝ ለሚበይድ) ማሽን ሊሠራ ለሚነሳ። ቲግህ በሃይ ፍሪኩዌንሲ የሚነሳ ከሆነ ያ ብልጭታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ በአየርም በሽቦም ይዘላል። አጠገቡ ያለ አርዱዊኖ ቢያንስ ተዘግቶ ይከፈታል፣ ሲብስ ይሞታል። ሽቦ ሪሞት ከሆነ ሺልድ ያለው ኬብል ተጠቀሙ፣ ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ፣ በማሽኑ በኩል እሰሩት። ካርዱ መግቢያ ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ኬብሉ ላይ ፌራይት ቀለበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ነክቶ በማንሳት የሚጀምረውን መጠቀም ነው።

ጀማሪ_07፦
ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የሞኝ ይመስል ይሆናል። ሬዲዮው እየበየድኩ እያለ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? አምፔሩ ዘሎ ወደ 200 ቢሄድስ?

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
የሞኝ አይደለም፣ እስካሁን ከተጠየቁት ሁሉ የሚበልጠው ነው። የመሃሉ ሽቦ ቢበጠስ የካርዱ መግቢያ ባዶውን ይንሳፈፋል። ወደ ዜሮ ይሂድ ወደ ጣሪያ በካርዱ አሠራር ይወሰናል። ስለዚህ ፖቴንሽሜትር ያራዘመ ሰው ሁሉ ካርዱ ላይ ከመሃል እግር ወደ ግራውንድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይጨምር። ሽቦው ሲበጠስ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ማሽኑም ወደ ዝቅተኛው አምፔር። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው።

በሬዲዮ ደግሞ ምልክት ከጠፋ ወደ ዝቅተኛው ይውረድ እላለሁ።

ጋሽ_ብየዳ፦
አይሆንም! ከራስ በላይ እየበየድኩ፣ ብረቱ በግማሽ ተይዞ፣ አምፔሩ ከእጄ ሊወርድ ነው? ኤሌክትሮዱ ይለጠፋል፣ ስንገጫገጭ የተያዘው ይለቃል። ባለበት ይቆይ።

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
ጋሼ፣ ባለበት ሲቆይ እርስዎ ቀንሶ የመሰለዎት አልቀነሰም ማለት ነው እኮ። ቱቦላሬው ይበሳል።

ጋሽ_ብየዳ፦
የተበሳ ቱቦላሬ ይደፈናል። የወደቀ ሰው አይነሳም።

ሀዋሳ_ሜካትሮ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። ለኤሌክትሮድ ብየዳ ባለበት መቆየት ይሻላል፤ ሰርቮውም በባሕሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን በያጁ ሳጥን ላይ መልስ የምታሳይ መብራት ይኑር። ቁልፉን ሲጫን ታች ያለው "ደርሶኛል" ብሎ ይመልሳል፣ አረንጓዴ ይበራል። ካልበራ አልደረሰም ማለት ነው። ያኔ ሁለታችሁም ትታረቃላችሁ።

ናዝሬት_ኤሌክትሮ፦
ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።

ጋሽ_ብየዳ፦
እግረ መንገዴን፣ የድሮውን ባለ መዘውር ትራንስፎርመር የያዘ ካለ እሱም ሪሞት ይወጣለታል። መዘውሩ፣ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለውን ኮር (የብረት እምብርት) ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የመኪና የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ግዙ። 12 ቮልት ነው፣ ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ ዙሩ ዝግ ያለ ነው። እኛ በሰንሰለት ነው ያያያዝነው። ሁለት ጫፍ ላይ መቁረጫ ስዊች አድርጉ፣ አለዚያ ኮሩ ጥግ ሲደርስ ሞተሩ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። ኮሩ በሥራ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ቦልቱ ላይ ስፕሪንግ ዋሸር አትርሱ።

ፎቅ_ላይ፦
ሰላም፣ ተመልሻለሁ። በሰርቮው ሄድኩ። ኤምጂ90ኤስ፣ ናኖና ባለ 433 ሎራ። ታች ያለውን ሳጥን ማሽኑ ላይ በጎማ አስቀመጥኩት። የላይኛው ከኪስ ሬዲዮ አይበልጥም፤ በገመድ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል፣ በጓንት የሚጫኑ ትልልቅ ቁልፎች አሉት።

ሬዲዮው ከላይኛው ወለል ድረስ አልተቋረጠም። ሌላ ጣጣ ግን ነበረው። ኤሌክትሮዱን ስጭር ሰርቮው ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዳንዴ ናኖው ጭራሽ ጠፍቶ ይነሳ ነበር። የሰርቮውን ሽቦ ከብየዳው ኬብል አርቄ በሌላኛው ጎን አሳለፍኩት፣ ናኖው መግቢያ ላይ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ሰርቮው ቦታው ከደረሰ በኋላ ደግሞ ምልክቱን እንዲያቋርጥለት ኮዱን ቀየርኩት። አሁን ጸጥ ብሏል። ፖቴንሽሜትሯ ራሷ ጠጠር ስለምትል ምልክት ባይኖርም ቦታዋን አትለቅም።

ሁለተኛው ጣጣ የፓወር ባንኩ ነው። ሰርቮው ካልተንቀሳቀሰ ፍጆታው ትንሽ ስለሆነ፣ ፓወር ባንኩ ስልክ የተነቀለ መስሎት ራሱን ያጠፋል። መልእክት ልኬ አረንጓዴው አልበራ ሲል ነው የነቃሁት። 18650 የሚባለውን ክብ ሊቲየም ባትሪ ከነቻርጀር ካርዱ አስገብቼ ተገላገልኩ።

ማዞሪያው ዙሪያ 75፣ 90፣ 115 ብዬ በማርከር ምልክት አድርጌ፣ የላይኛው ሳጥን ላይ ደግሞ ሦስት ቁልፍ ለእነዚህ ብቻ ሰጠሁ። መጨመሪያና መቀነሻውን ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልነካውም። ረዳቴ ግን ደስ አላለውም፤ አሁን ብረት መቁረጥ ነው ሥራው።

ሂውስተን_ቧንቧ፦
ሦስት ቁልፉ ጎበዝ ሐሳብ ነው። እዚህ ውድ ሪሞቶች ላይ ይሄው ነው ያለው።

ጀማሪ_07፦
ወንድሜ፣ የሰርቮውን ዘንግ ከፖቴንሽሜትሯ ዘንግ ጋር በምን አያያዝከው? የእኔ ባለ 6 ሚሊ ክብ ዘንግ ነው፣ የሰርቮው ደግሞ ጥርስ ያለው። ጥሩ የሚገጥም ነገር አጣሁ።

ፎቅ_ላይ፦
የነዳጅ ጎማ ቱቦ። ውስጡ 6 ሚሊ የሆነ፣ 3 ሳንቲሜትር ቁረጥ። በአንድ ጫፉ ዘንጉ ላይ ይገባል። በሌላው ጫፍ ከሰርቮው ጋር የሚመጣውን ክብ የፕላስቲክ ክንፍ 6 ሚሊ ቦልት ሰክተህበት አስገባው። ሁለቱንም በትንሽ ክላምፕ እሰር፣ ግን በጣም አታጥብቅ። ሁለቱ ዘንጎች ትንሽ ባይገጣጠሙም ጎማው ይተጣጠፍልሃል። ኮዱ ተሳስቶ ሰርቮው ጥግ ላይ ቢገፋም ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ፖቴንሽሜትሯ አትሰበርም።

ሀዋሳ_ሜካትሮ፦
ክላምፑን የማታጠብቀው በፖቴንሽሜትሯ በኩል ያለውን ነው፣ የሰርቮውን ጎን አጥብቀው። መንሸራተት ካለበት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይንሸራተት። ከተንሸራተተ በኋላ ደግሞ የማርከሩ ምልክትና ቁልፉ አይገጣጠሙም፤ ጠዋት ማሽኑን ስታበራ አንዴ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ላከውና ማዞሪያው 60 ላይ መሆኑን እይ።